ፕሮጀክት ማናጀሩ ከመልቀቁ በፊት፦ በወሎ ከተሞች ላሉ የሶፍትዌር ቡድኖች ዝርዝር መመሪያ

የሶፍትዌር ፕሮጀክት ማናጀር ልቡ ሲሸፍት መጀመሪያ የሚጠፋው ክርክሩ ነው። ትናንት «ይሄ በሁለት ሳምንት አያልቅም» ብሎ ሽንጡን ገትሮ ይሟገት የነበረ ሰው፣ ለተሰጠው ቀን ሁሉ «እሺ» ማለት ይጀምራል። ኃላፊው የተግባቡ ይመስለዋል። ሰውየው ግን መሟገት ዋጋ እንደሌለው ደምድሟል። ደብዳቤው ሲመጣ «ምንም ምልክት አላየሁም» የሚል አለቃ፣ ምልክቱን እንደ ስምምነት ቆጥሮ ያለፈው ነው።

በኮምቦልቻ ያለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ወጣት ባለሙያዎችን ያስመርቃሉ። ደንበኛን፣ ዴቨሎፐርን (ኮድ ጸሐፊውን) እና ኃላፊን አስማምቶ ሥራ የሚያስረክብ ሰው ግን በምርቃት ቀን አይገኝም፤ ዓመታት ይፈጃል። ይህ ሰው አዲስ አበባ ሲገባ ወይም ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ድርጅት ሲቀጠር፣ ለማን ምን ቃል እንደተገባ፣ የትኛው ኮድ ቢነካ ምን እንደሚበላሽ የሚያውቀው ጭንቅላት አብሮት ይሄዳል።

ወሎ ውስጥ የጨነቀውን ሰው «አብሽር» እንለዋለን። ደግ ቃል ነው፤ መቅረትም የለበትም። ማናጀሩ ግን ከአብሽር በኋላ የሚጠብቀው ነገር አለ፦ ከሸክሙ አንድ ነገር እንዲነሳለት፣ ወይም በሸክሙ ላይ እንዲወስን ሥልጣን እንዲሰጠው። ተመራማሪው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው የሥራ ጫና ሞዴል፣ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው የሥራው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ከባድ ሥራ ከትንሽ የመወሰን ሥልጣን ጋር ሲገጥም ነው። የፕሮጀክት ማናጀር ወንበር ብዙ ጊዜ ልክ እዚያ መገጣጠሚያ ላይ ተቀምጧል። ደንበኛው የሚጠይቀው እሱን ነው፣ ኃላፊው የሚወቅሰው እሱን ነው፤ ደመወዙን፣ ቅጥሩን፣ የውሉን ቀን የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህንን ክፍተት ለማጥበብ የታሰቡ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ለ10 የሥራ ቀን መዝግቡ

ተራ ደብተር ይበቃል። አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ሰዓት፣ ማን ጠየቀ፣ ምን ጠየቀ፣ ስንት ደቂቃ ወሰደ፣ ብቻዬን መወሰን እችል ነበር ወይ። መጨረሻው ዓምድ ላይ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ ይጻፋል። አንድ መስመር ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ 5:20። የደንበኛው የፋይናንስ ኃላፊ በስልክ። ሪፖርቱ ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር። ከእሳቸው ወደ ዴቨሎፐሩ፣ ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ተመልሶ ወደ እሳቸው። 35 ደቂቃ። አይ።»

ዴቨሎፐሩ ዓምዱን ለመጨመር 20 ደቂቃ ይበቃው ይሆናል። ማናጀሩ 35 ደቂቃ ተመላልሶም አልወሰነም፤ መልእክት ብቻ ነው ያደረሰ። እንዲህ ያለ ነገር በቀን ስምንት ጊዜ ከመጣ 280 ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። የዕቅድ ሥራው ወደ ማታ የሚገፋው በዚህ ምክንያት ነው።

አሥሩ ቀን ሲያልቅ እያንዳንዱን መስመር ከአምስት ምድብ በአንዱ አስገቡ፦ የሥራ ብዛት፤ የሁለት አለቃ የሚጋጭ ትእዛዝ፤ ያልጠራ ኃላፊነት፤ ሥልጣን የሌለበት ተጠያቂነት፤ ከአካባቢው የሚመጣ እክል፣ ማለትም መብራት፣ ኔትወርክና መንገድ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተመራማሪው ሮበርት ካንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው ያወጧቸው የጭንቀት ምንጮች ናቸው፤ ዛሬም በየቢሮው አሉ። ከመስመሮቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ «አይ» ካላቸው ቀጥታ ወደ ደረጃ 2 ሂዱ። ብዛቱ ካመዘነ ደረጃ 3 ይቅደም።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንደኛው ደብተሩን ማታ በትዝታ መሙላት ነው፤ ቀን ሙሉ የቆራረጡት ትናንሽ ጥሪዎች ያኔ ይረሳሉ፣ የሚጻፈው ትልቁ ጠብ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ኃላፊው ደብተሩን እንደ አፈጻጸም ግምገማ መጠየቁ ነው። ለኃላፊው የሚቀርበው የምድቦቹ ድምር ብቻ ነው፤ ደብተሩ የማናጀሩ ነው። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ የሚመዘገበው እውነቱ ሳይሆን የሚያስመሰግነው ነው።

ደረጃ 2፦ ማን ምን እንደሚወስን በአንድ ገጽ ጻፉ

ረጅም የሥራ መደብ ዝርዝር አያስፈልግም። ገጹን ሦስት ቦታ ክፈሉት። የመጀመሪያው ማናጀሩ ማንንም ሳይጠይቅ የሚወስነው ነው፦ በስፕሪንቱ (ቡድኑ ሥራ በሚያቅድበት አጭር ዙር፣ ለምሳሌ ሁለት ሳምንት) ውስጥ ሥራ ማቀያየር፣ አንድን ሥራ እስከ 3 የሥራ ቀን ማራዘም፣ ከ4 ሰዓት ያልበለጠ ለውጥ መቀበል ወይም አለመቀበል፣ ለዴቨሎፐር የአንድ ቀን ፈቃድ መስጠት፣ የማይጠቅም ስብሰባ መሰረዝ። ሁለተኛው ወስኖ የሚያሳውቀው ነው፦ ከ3 እስከ 10 ቀን የሚደርስ ማራዘሚያ፣ ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ማዛወር። ሦስተኛው ኃላፊው ብቻ የሚወስነው ነው፦ የውል ዋጋ፣ ከ10 ቀን በላይ መዘግየት፣ ቅጥርና ስንብት። ቁጥሮቹን እንደ ቡድናችሁ ቀይሩ፤ ዋናው ቁም ነገር ቁጥር መኖሩ ነው። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ሐረግ ከገባበት ገጹ አይሠራም።

ከገጹ ግርጌ ሁለት መስመር ጨምሩ። አንዱ፦ አዲስ ሥራ ሲገባ እኩል መጠን ያለው ሥራ ይወጣል። ሌላው፦ ኃላፊው ለቀረበለት ጥያቄ በአንድ የሥራ ቀን ካልመለሰ የማናጀሩ ሐሳብ ይጸናል። ይህ ሁለተኛው መስመር ኃላፊዎችን ያስፈራል። ሆኖም ከገጹ ሁሉ ጫናውን አብዝቶ የሚቀንሰው እሱ ነው፤ የማናጀሩን እንቅልፍ የሚነሳው እምቢታ አይደለም፣ መልስ ሳይመጣ የሚያልፉት ቀናት ናቸው እንጂ።

ገጹ ተፈርሞ በሳምንቱ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በአንድ መንገድ ነው። ደሴም ሆነ ወልድያ ሰው ይተዋወቃል፤ ደንበኛው የኃላፊው ጎረቤት ወይም የአንድ ቅሬ (ዕድር) አባል ሊሆን ይችላል። ሰላት ወጥተው ወይም ለቅሶ ቤት ተገናኝተው «ያቺን ነገር እስከ ዓርብ አድርስልኝ» ይለዋል። ኃላፊው ይሉኝታ ይዞት «ችግር የለም» ይላል፤ ሰኞ ጠዋት ማናጀሩን አልፎ ዴቨሎፐሩ ጋ ይደውላል። ለዚህ ኃላፊው አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ይያዝ፦ «አንተ ወንድሜ ነህ፣ ጉዳይህም ጉዳዬ ነው። ቀኑን ግን ቆጥራ የምትነግርህ ማናጀሯ ናት፤ ጠዋት አገናኛችኋለሁ።» ይሉኝታውም ይጠበቃል፣ ቀኑም አይሰጥም።

ደረጃ 3፦ ቃል ከመግባት በፊት አስሉ

አምስት ዴቨሎፐር ያለው ቡድን የሁለት ሳምንት ስፕሪንት ሲያቅድ 50 የሰው ቀን አለኝ ይላል። የለውም። አንድ በዓል ካለ 5 ቀን ይቀንሳል፤ የአንድ ሰው ፈቃድ 2 ቀን ይሁን፤ 43 ቀረ። በቀን ከ8 ሰዓቱ ስብሰባ፣ ጥያቄና ማረም ወጥቶ ለአዲስ ሥራ 6 ሰዓት ቢገኝ ነው፤ 43 በ6 ሲባዛ 258 ሰዓት። ቀድሞ ለተረከቡ ደንበኞች ድጋፍ 40 ሰዓት፣ ለመብራትና ኔትወርክ መቋረጥ 20 ሰዓት ቢወጣ 198 ይቀራል። የድጋፉና የመቋረጡ ቁጥር ከግምት አይምጣ፤ ካለፉት ሦስት ስፕሪንቶች መዝገብ ተወስዶ አማካዩ ይያዝ።

ይህን 198 ሰዓት በሙሉ አትሙሉት። ከ80 በመቶው፣ ማለትም ከ158 ሰዓት ገደማ አትለፉ። ምክንያቱ የወረፋ ሒሳብ ነው። ሥራ በዘፈቀደ እየመጣ አንድ ሰው በሚያስተናግድበት ቀላሉ ስሌት፣ ሰውየው 50 በመቶ ሲያዝ በአማካይ 1 ሥራ በእጁና በወረፋው ይኖራል፤ 80 በመቶ ሲያዝ 4፣ 90 በመቶ ሲያዝ 9፣ 95 በመቶ ሲያዝ 19 ይደርሳል። ከ80 ወደ 95 ሲኬድ ሥራው የጨመረው ጥቂት ነው፤ የሚጠብቀው ክምር ግን አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። «ትንሽ ብቻ ጨምሩበት» የሚለው ንግግር ቡድኑን የሚያንቀው በዚህ ነው፤ የክምሩ መልስ ደግሞ የሚጠየቀው ከማናጀሩ ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ግምት ጠይቁ፦ ሁሉ ከሰመረ፣ በተለመደው ሁኔታ፣ ሁሉ ከተበላሸ። 4፣ 6 እና 14 ቀን ከተባለ መካከለኛውን በ4 አባዝታችሁ ሦስቱን ደምሩና ለ6 አካፍሉ፦ 4 ሲደመር 24 ሲደመር 14፣ ለ6 ሲካፈል 7 ቀን። ለደንበኛው የሚነገረው 7 ነው እንጂ 4 አይደለም። በ4ና በ14 መካከል ያለው ስፋትም ወሬ ያወራል፦ ሥራው ገና አልተረዳንም ማለት ነው፤ መጀመሪያ የአንድ ቀን ፍተሻ ይደረግበት።

ሥራ ሲዘገይ ሰው መጨመር የመጀመሪያ ሐሳብ ሆኖ ይመጣል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፍሬድሪክ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1975 እንደጻፈው፣ የዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ ያዘገየዋል። አምስት ሰው እርስ በርሱ የሚነጋገርበት መስመር 10 ነው፤ ስምንት ሲሆኑ 28 ይሆናል። አዲሶቹን የሚያስተምሩትም ያው የተጣደፉት ነባሮች ናቸው።

ደረጃ 4፦ ቀን መቁጠሪያውንና መብራቱን ዕቅድ ውስጥ አስገቡ

የመንግሥት ደንበኛ ካላችሁ ጫናው መቼ እንደሚመጣ ከወዲሁ ይታወቃል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ክፍያም፣ ርክክብም፣ «ያልተሠራው ይሠራልን» የሚለው ጥያቄም ግንቦትና ሰኔ ላይ ይከመራል። የመጨረሻውን ማስረከቢያ ከግንቦት 15 በፊት አድርጉ፤ ሰኔ ለማረምና ለርክክብ ሰነድ ብቻ ይቅር። ማናጀሩ የዓመት ፈቃዱን ሐምሌ የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ላይ እንዲወስድ ቀኑን በመጋቢት ጻፉለት። ሰኔ ላይ የታከተ ሰው ሐምሌ ካላረፈ መስከረም ላይ ሌላ መሥሪያ ቤት ይገኛል።

የወሎ ቡድን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚሠራበት ነው፤ ይህንን ለተረኛ ድልድል ተጠቀሙበት። ለኢድ ክርስቲያኖቹ፣ ለፋሲካና ለገና ሙስሊሞቹ ተረኛ ይሁኑ። ኢድ በጨረቃ መታየት ስለሚወሰን ሊውልባቸው የሚችሉትን ሁለቱንም ቀን ከሥራ ነጻ አድርጉ፤ አንዱን ቀን ብቻ ዘግቶ «ነገ ሥራ ነው» ብሎ ማታ መደወል ማናጀሩን ከቡድኑ ያጣላል። በረመዳን ከባዱን ሥራና ስብሰባውን ጠዋት አድርጉ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ምንም አትያዙ። በዐቢይ ጾምም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም አለ። ዓርብ ከ5:30 እስከ 7:30 ስብሰባ አይጠራ።

ከውጭ ደንበኛ ጋር ደግሞ ቀንና ሰዓት ራሳቸው ጥል ያመጣሉ። «10/05» ተብሎ የተጻፈ ቀን አንዱ ጥር 10 ይለዋል፣ ከተራ ዕለት ማለት ነው፤ ሌላው ሜይ 10፣ ሦስተኛው ኦክቶበር 5 ይለዋል። «3:00» ለእኛ ጠዋት ነው፣ ለእነሱ ከሰዓት። የወሩን ስም በፊደል፣ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ኒውዮርክ ያለ ደንበኛ በእሱ ጠዋት 10:00 ስብሰባ ቢጠራ፣ እዚህ በእነሱ ክረምት ማታ 12 ሰዓት፣ በእነሱ በጋ 11 ሰዓት ነው። በማርችና በኖቬምበር ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ማስታወሻው በሁለቱም ወገን ይስተካከል።

መብራትን በተመለከተ ሁሉንም ማሽን በባትሪ ለማቆየት አትድከሙ። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 600 ነው፤ ኢንቨርተሩ ላይ የሚባክነው ሲወጣ 510 ገደማ። አምስት ላፕቶፕ በ60 ዋት እና ራውተር በ15 ዋት ብታያይዙ ከአንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ አያልፍም። ላፕቶፖቹ የራሳቸው ባትሪ ስላላቸው ራውተሩንና 40 ዋት የምትወስድ ትንሽ ሰርቨር ብቻ ብታያይዙ ግን 9 ሰዓት ይቆያል። ያቺ ሰርቨር ላይ የጊት ማከማቻ (የቡድኑ ኮድ ከነለውጦቹ የሚቀመጥበት)፣ ተደጋግመው የሚያስፈልጉ ፓኬጆች (ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች) ቅጂና ከኢንተርኔት ውጭ የሚነበብ ሰነድ ይቀመጥ። ኢንተርኔት ቢቋረጥ እንኳ ቡድኑ በውስጥ ኔትወርክ ሥራውን ይቀጥላል።

በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያስተማረው ትምህርት አለ፦ ውል ውስጥ ያልተጻፈ መቋረጥ የማናጀሩ ጥፋት ተደርጎ ይቆጠራል። ውሉ ላይ ይህ ይግባ፦ «ከቡድኑ ቁጥጥር ውጭ ኔትወርክ ወይም መብራት በተከታታይ ከ8 የሥራ ሰዓት በላይ ሲቋረጥ፣ ማስረከቢያው በተቋረጠው ልክ ይራዘማል።» አብሮም ለደንበኛው በኤስኤምኤስና በመደበኛ ስልክ የሚደረስበት አማራጭ ይጻፍ።

ደረጃ 5፦ ከሥራ ሰዓት በኋላ ያለውን ስልክ ሥርዓት አስይዙት

አስቸኳይ ማለት ምን እንደሆነ ከደንበኛው ጋር አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ክፍያ ቆሟል፤ መረጃ እየጠፋ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ገብቷል፤ ማንም መግባት አልቻለም። ሌላው ሁሉ እስከ ጠዋት 2:30 ይቆያል። ተረኛው በየሳምንቱ ይቀያየር፤ አራት ሰው ካለ ለእያንዳንዱ በወር አንድ ሳምንት ይደርሰዋል፤ ማናጀሩ ቋሚ ተረኛ አይሁን። የተረኛው ስልክ የድርጅቱ ቀፎና ቁጥር ይሁን፤ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። የማናጀሩ የግል ቁጥር ደንበኛው ጋ ካለ ድልድሉ በሦስት ቀን ይፈርሳል። የቴሌግራም ቡድኑንም ለሁለት ክፈሉት፦ አንዱ ለአስቸኳይ ብቻ፣ ሌላው ማታ ድምፁ የሚዘጋ።

ሕጉንም እወቁት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ጣሪያ አለው። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። አዋጁ «የሥራ መሪ» የሆነን ሰው አይሸፍንም፤ ብዙ ማናጀር የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መታየት ያለበት የመደቡ ስም ሳይሆን ሰውየው በእርግጥ ያለው ሥልጣን ነው፦ የድርጅቱን ፖሊሲ ያወጣል ወይ? ይቀጥራል፣ ያዛውራል፣ ያሰናብታል ወይ? ምንም የማይወስን ሰው ትርፍ ሰዓት ሲጠይቅ ብቻ «መሪ» መባሉ ፍትሕ አይደለም፤ ቂሙም አይረሳም። የመንግሥት ሠራተኞች ጉዳይ በሌላ ሕግ ነው የሚታየው።

ደረጃ 6፦ ሳይለቅ በፊት ጠይቁ

«ሥራ እንዴት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ ምስጋና ነው፣ መረጃ ግን አይሆንም። ስለ አንድ የተለየ ቀን ጠይቁ። ቦታው የኃላፊው ቢሮ አይሁን፤ ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ አልፎ ቶናው ሲቀዳ ይጀመር፣ ከበረካው በፊትም አትነሱ። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ የሚወጣው መጨረሻ ላይ ነው። በየሦስት ወሩ 45 ደቂቃ ይበቃል።

«እህቴ፣ ባለፈው ወር ‹አሁንስ በቃኝ› ያልሽበት ቀን የትኛው ነው?»

«እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? ሐሙስ ዕለት። የክፍያው ገጽ እንደማይደርስ ሰኞ ነግሬዎት ነበር። ሐሙስ ደንበኛው ፊት ‹ለምን አልደረሰም?› አሉኝ።»

«ሰኞ ስትነግሪኝ ምን አልኩሽ?»

«‹እስቲ ሞክሪ› ነው ያሉኝ።»

«እስቲ ሞክሪ» ክፉ ታስቦ የሚነገር ቃል አይደለም፤ ማበረታቻ ይመስላል። የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው፦ ውሳኔው አልተሰጠም፣ ተጠያቂነቱ ግን ተላልፏል። ከዚህ በኋላ «አይደርስም» ለሚል ማናጀር ኃላፊው ከሦስት መልስ አንዱን ብቻ ይስጥ፦ ቀኑ ይራዘም፤ ሥራው ይቀነስ፤ ወይም «ሞክሪ፣ ካልደረሰ ለደንበኛው የምመልሰው እኔ ነኝ»። ሦስተኛውን ያለ ኃላፊ ሐሙስ ስብሰባው ላይ መጀመሪያ መናገር ያለበት እሱ ነው።

ሌሎች የሚጠቅሙ ጥያቄዎች፦ ከሥራሽ አንዱን ለሌላ ሰው ብትሰጪ የትኛውን ትሰጫለሽ? ባለፉት ሦስት ወራት ወስነሽ የተሻረብሽ ነገር አለ? በዓመት ውስጥ ምን መማር ትፈልጊያለሽ? ከተነገራችሁ ነገር ቢያንስ አንዱን በ14 ቀን ውስጥ አድርጉና ማድረጋችሁን ንገሯት። ምንም የማይለወጥ ከሆነ ባይጠየቅ ይሻላል፤ ተናግሮ የቀረ ሰው ካልተናገረው ይልቅ ቶሎ ይሄዳል።

ስለ ደመወዝ ሳይነሳ አይቀርም። ተመራማሪው ዮሐንስ ዚግሪስት እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳየው ድካምና ምላሽ ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ሰው ይጎዳል፤ ምላሹ ግን ገንዘብ፣ ክብር፣ ዕድገትና ዋስትና ሆኖ ነው የሚቆጠረው። የደሴ ድርጅት የአዲስ አበባን ወይም የዶላርን ክፍያ ላይደርስበት ይችላል። ሊሰጠው የሚችለው ቋሚ መውጫ ሰዓት፣ ለቤተሰብ መቅረብ፣ የተጻፈ የዕድገት ደረጃ ነው። ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ ለሚሠራ ሰው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የሐረጎን ዳገትና ቁልቁለት በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት በመሥራት ማስቀረት ቀላል ጥቅም አይደለም። ደብዳቤ ካስገባ በኋላ ደመወዝ ብቻ ጨምሮ ማስቀረት ግን ምክንያቱን ሳይነካ ቀኑን ይገፋል።

ደረጃ 7፦ ዝለቱ ከደረሰ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ምክንያት የሚመጣን ዝለት በበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ውስጥ የሥራ ክስተት ብሎ አስፍሮታል፤ በራሱ በሽታ ነው አላለም። ሦስት ገጽታ አለው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መማረር፣ ውጤታማ አይደለሁም ማለት። ሦስቱ አብረው ከታዩ «ቅዳሜና እሑድ አርፈህ ና» አይበቃም። ቢያንስ 10 ተከታታይ የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ስልኩ ለተወካይ ተላልፎ። ሲመለስ የመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ሥራ ብቻ፤ ከሁለት ፕሮጀክት አንዱ ከእሱ ይነሳ። ያልተነሳ ሸክም ይዞ የተመለሰ ሰው በወር ውስጥ እዚያው ነው።

ማስረከቢያ ሲቀርብ ሌሊቱን በቡናና በጫት መግፋት በአካባቢው የተለመደ ነው። ሁለቱም እንቅልፍን ይገፋሉ፤ በማግሥቱ የሚጻፈው ኮድ ስሕተት ይበዛበታል፣ ስሕተቱን ለማረም ሌላ ሌሊት ይጠየቃል። ማናጀሩ ለቡድኑ ሌሊት የሚያስገድድ ቀን ከሰጠ ይህንንም አብሮ እንደሰጠ ይወቀው። እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ደስ የሚል ነገር ካልታየ ወይም መኖር ካስጠላ፣ የሥራ ጉዳይ ብቻ ብላችሁ አትለፉት፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ወዳለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይሂድ፣ ብቻውንም አይሂድ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እዚያ የነበረ ሰው የሚሸከመው ነገር ከቢሮ ያልመጣ ሊሆን ይችላል። በአዋጁ መሠረት የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ናቸው።

ደረጃ 8፦ መልቀቁ ካልቀረ

ሠራተኛው በአዋጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰነድ ከማገላበጥ በፊት የቃል ተስፋዎችን ጻፉ፦ ለየትኛው ደንበኛ፣ በስልክ ወይም በቡና መካከል፣ ምን ተብሎ ነበር። ከሚሄደው ሰው ጋር የሚጠፋው ይህ ነው፤ አዲሱ ማናጀርም በመጀመሪያው ወር የሚደነግጥበት ይኸው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተተኪው አብሮ ይቀመጥና ይመልከት፤ በሦስተኛው ተተኪው ይሥራ፣ የሚለቀው ይመልከት፤ በአራተኛው የሚለቀው ሲጠየቅ ብቻ ይመልስ። በአራተኛው ሳምንት አዲስ ሥራ የተጫነበት ሰው ርክክቡን ሳይጨርስ ነው የሚወጣው።

መለያዎቹን አንድ በአንድ አረጋግጡ፦ ዶሜኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) በማን ኢሜይል ተመዝግቧል? የሰርቨሩ ኪራይ የሚከፈለው በማን ካርድ ነው? የመተግበሪያ መደብሩ መለያ፣ የቴሌብር የነጋዴ መለያ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው የሚመጣበት ስልክ የማን ነው? አንዱ እንኳ በግል ስሙ ካለ ሳይወጣ ይዛወር፤ ከወጣ በኋላ በደወላችሁለት ቁጥር እሱም ይጨነቃል፣ እናንተም ደጅ ትጠናላችሁ።

በመጨረሻው ቀን የሚደረግ የስንብት ቃለ መጠይቅ ጨዋነት ይበዛበታል፤ ሰው በሄደበት ቤት ክፉ መናገር አይወድም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደውሉና አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ልቡ መጀመሪያ የሸፈተው በየትኛው ቀን ነበር? የነገራችሁ ቀን ከደረጃ 1 ምድቦች በየትኛው እንደሚገባ እዩና፣ ተተኪው ሥራ ሳይጀምር የደረጃ 2ን ገጽ በእሱ መሠረት አስተካክሉ።